ከውትድርና በፊት የነበረ ሕመምና በቦርድ መሰናበት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከአዳማ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች የሚጠይቁት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ጉዳዩ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያሉ ወይም ለመግባት ያሰቡ ልጆቻችን ከመቀጠራቸው በፊት የነበረባቸው ሕመም ነው፤ በጤና ምክንያት በሚሰናበቱበት ጊዜ መብታቸውን ምን ያህል እንደሚነካው ጸሐፊዎቹ ማወቅ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን ስለሚቆጠርበት ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። ሁለተኛው ልጄ በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ግሪን ካርዱን እንደያዘ በዚያው አገር ምድር ጦር ተቀጥሮ አራት ዓመት አገልግሏል። ባለፈው ዓመት ከባድ ጓዝ ተሸክመው ረጅም የእግር ጉዞ ሲያደርጉ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ከዚያ ወዲህ ስላልተሻለው ጉዳዩ በሕክምና ቦርድ እየታየ ነው። ሐኪሙ ኤምአርአዩን አይቶ «ይህ ጉልበት በልጅነትህ ተጎድቶ ያውቃል ወይ?» ሲለው፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ከጋሪ ላይ ወድቆ ወጌሻ እንዳሸው በቅንነት ተናገረ። አሁን ወረቀቱ ላይ ጉዳቱ ከአገልግሎት በፊት የነበረ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ያ ከጸና ባዶ እጁን እንደሚሰናበት ጓደኞቹ ነግረውታል። እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን «ወድቆ አያውቅም ብለሽ ጻፊለት» ይሉኛል። ልጄ ግን የማስታውሰውን ብቻ እንድጽፍለት ነው የለመነኝ። እውነቱን ብጽፍ ልጄን እጎዳው ይሆን? ሲቀጠር የጉልበት ችግር የለብኝም ብሎ መፈረሙስ? ግሪን ካርዱን ይነጥቁት ይሆን?

እናት፣ ከአዳማ

መልስ

ውድ እናታችን፣ እውነቱን ይጻፉ። ይህን የምንልዎ ሕጉ በልጅዎ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚል አይተን ነው፤ ዘመዶችዎ ያሰቡት ደግነት ልጁን ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው እንደሚበዛ ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ ይረዱታል ብለን እናምናለን።

የልጅዎ ጓደኞች የነገሩት ግማሹን ነው። ሕመሙ ከአገልግሎት በፊት መጀመሩ ብቻውን ወታደሩን ባዶ እጁን አያሰናብተውም። የአሜሪካ የሕግ መድበል 10ኛ ክፍል አንቀጽ 1201፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ቢያንስ ስድስት ወር በመደበኛ አገልግሎት ላይ የቆየ ወታደር ሲገባ በተደረገለት ምርመራ ያልተመዘገበ ጉዳት ቢገኝበት፣ ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ ሳለ እንደደረሰበት የሕግ ግምት ይወስዳል። ይህን ግምት ለማፍረስ መንግሥት ሁለት ነገሮችን በግልጽና በማያጠራጥር ማስረጃ ማሳየት አለበት፤ አንደኛው ጉዳቱ ከአገልግሎት በፊት የነበረ መሆኑን ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ አገልግሎቱ ጉዳቱን ያላባባሰው መሆኑን ነው። የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ነው፤ አንዱን አሳይቶ ሌላውን ቢያጎድል ግምቱ እንደቆመ ይቀራል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ቪኤ የሚባለው፣ የሚሠራበት ሕግም በ38ኛው ክፍል አንቀጽ 1111 ተመሳሳይ ግምት ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለቱም ነገሮች መረጋገጥ እንዳለባቸው በማያሻማ ቃል ወስኗል።

እንግዲህ ከጋሪ መውደቁ ቢታመን እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው የሚመለሰው። የልጅዎ ጉዳይ የሚወሰነው በሁለተኛው ላይ ነው፤ አራት ዓመት በወታደር ጫማ መሮጥ፣ ጓዝ መሸከም፣ ከከባድ መኪና ላይ መዝለልና በመጨረሻም ያ የእግር ጉዞ ጉልበቱን አላባባሱትም ብሎ በማያጠራጥር ማስረጃ መናገር የሚችል ሐኪም አለ ወይ የሚለው ነው። በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለውም። ከወደቀበት ቀን አንሥቶ አውሮፕላን እስከተሳፈረበት ቀን ድረስ ጉልበቱ እንዴት እንደነበረ በዓይንዎ ያዩት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ደብዳቤው «ወድቆ አያውቅም» ቢል ሁለት ጉዳት ያመጣል። ልጅዎ ራሱ ለሐኪሙ የተናገረውን ስለሚያስተባብል ቦርዱ ሁለታችሁንም እንዳያምን ያደርጋል፤ ይባስ ብሎም ከሁሉ የሚጠቅመው ታሪክ፣ ወድቆ እንደዳነ የሚናገረው ክፍል፣ ሳይጻፍ ይቀራል። ያልወደቀ ልጅ ዳነ ሊባል አይችልምና።

ይልቁንስ እንዲህ አድርገው ይጻፉ። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር አካባቢ እንደወደቀ፤ የወደቀበትን ሰፈር፤ ዕለቱን ቆሞ ሄዶ እንደሆነ ወይም ተሸክመውት እንደመጡ ይግለጹ። ወጌሻው ምን እንዳደረገ ይንገሩ፦ በቅቤ አሽቶት ይሆን፣ በጨርቅ አስሮት ይሆን፣ ወይስ በቀርከሃ ደግፎት? ስንት ጊዜ ሄደው እንደታሸና በስንት ሳምንት ወደ ትምህርት ቤት እንደተመለሰ ካስታወሱ ይጨምሩ። ከዚያ በጣም የሚያስፈልገው ይቀጥላል፦ ከዳነ በኋላ ያሉት ዓመታት። በሰፈሩ ቡድን ኳስ ይጫወት ነበር? ትምህርት ቤት በእግሩ ይመላለስ ነበር? ዱቄት ከወፍጮ ቤት፣ ውኃ በጀሪካን ይሸከም ነበር? አነከሰ፣ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ክኒን ዋጠ የሚባልበት ጊዜ ነበር ወይስ አልነበረም? አልፎ አልፎ በብርድ ጊዜ ያመው ከነበረ እሱንም ይጻፉ፤ ያላዩትን አይጻፉ፣ የሕክምና ድምዳሜም አይስጡ። «ጅማቱ ደህና ነበር» ማለት የሐኪም ሥራ ነው፤ «በየሳምንቱ ሲጫወት አየው ነበር» ማለት ግን የእናት ምስክርነት ነው፣ ሕጉም ያየ ሰው ያየውን ቢናገር እንደ ብቁ ማስረጃ ይቀበለዋል።

ወጌሻ ወረቀት አይሰጥም፤ ይህም የብዙ አንባቢዎቻችን ጭንቀት ነው። ወረቀት ባለመኖሩ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደው ወደ ኋላ ቀን የተቆጠረ ማስረጃ እንዲያጽፉ የሚመክር ሰው ቢመጣ በፍጹም እሺ አይበሉ። እውነተኛ ወረቀት ፍለጋ ከሆነ ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ሰነድ አለ፦ ለቪዛው የተደረገው የጤና ምርመራ። የዚያ ምርመራ ዋና ዓላማ ተላላፊ በሽታ መፈለግ ቢሆንም አጠቃላይ የአካል ምርመራም ስላለበት፣ ልጁ ከአገር ሲወጣ በእግሩ ላይ የሚታይ ጉድለት እንዳልነበረ ሊያሳይ ይችላል። ከቡድኑ ጋር በማልያ የተነሣው ፎቶግራፍ ካለ፣ አብሮት የተጫወተ ጎረምሳም ሁለት ገጽ ቢጽፍ፣ ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ይሂዱ። ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፍ ይችላሉ፤ ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ይፈርምበት፣ የአማርኛው ዋናም አብሮ ይላክ። ለቪኤ የሚቀርብ የምስክር ቃል ቁጥሩ 21-10210 የሆነ የራሱ ቅጽ ስላለው ልጅዎ እሱን ቢልክልዎ ሥራው ይቀላል።

ልጅዎ ለሐኪሙ በመናገሩም አይቆጩ፣ እሱንም አይውቀሱት። በሕክምና ታሪክ ላይ የተነገረ ቃል ሲገባ በተደረገው ምርመራ እንደተመዘገበ ጉዳት አይቆጠርም፤ ከሌላው ማስረጃ ጋር የሚመዘን ነገር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በ10ኛው ክፍል አንቀጽ 1219 ወታደር ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ጉዳቱ አመጣጥና መባባስ መግለጫ እንዲፈርም ሊገደድ እንደማይችል፣ ፈርሞ ቢገኝ እንኳ ጥቅሙን የሚጎዳው መግለጫ ዋጋ እንደሌለው ተደንግጓል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ወታደር ጥቂት ነው። ልጅዎ «ጉዳቴ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ ነው» የሚል ወረቀት ቀርቦለት ከሆነ ቁጥሩን ይዞ ወደ ጠበቃው ይሂድ።

አሁን በገንዘብ በኩል የሚመጣውን ልዩነት እንመልከት፤ እዚህ ላይ የደብዳቤዎ ክብደት ይበልጥ ይታያል። ቦርዱ ጉዳቱ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ልጅዎን ለሥራ ብቁ አይደለም ካለው፣ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ይለካል። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በጡረታ ይሰናበታል፤ በየወሩ የሚከፈል አበልና ለቤተሰቡም የሚተርፍ የጤና መድን ይኖረዋል። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ፣ ሃያ ዓመት ላልሞላው ወታደር የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው፤ ስሌቱም የሁለት ወር መሠረታዊ ደመወዝ በአገልግሎት ዓመቱ ተባዝቶ ነው፤ አራት ዓመት ላገለገለ ሰው የስምንት ወር ደመወዝ ማለት ነው። የማይረጋ ጉልበት በደረጃው 10፣ 20 ወይም 30 በመቶ ሊያሰጥ ስለሚችል፣ በ20 እና በ30 መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጊዜ ገንዘብና የዕድሜ ልክ ጡረታ ርቀት ነው። ጉዳቱ ቀድሞ የነበረ ሆኖ በአገልግሎት ተባብሷል ከተባለ ደግሞ፣ የመቶኛው ደንብ ሲገባ የነበረው መጠን የሚታወቅ ከሆነ ከአሁኑ ላይ እንዲቀነስ ያዛል። ሲገባ ጉልበቱ ምንም የማያመውና ምንም የማያግደው ከነበረ የሚቀነስ አይኖርም። «ድሮም ያመው ነበር» የሚል ያልታሰበበት ዐረፍተ ነገር 10 በመቶ ሊያስቀንስ፣ የልጅዎ ኑሮም በዚያ ልክ ሊለወጥ ይችላል። የቀድሞውን ሁኔታ በዝርዝርና በልኩ ይጻፉ የምንለው ለዚህ ነው።

መንግሥት በተራው «ሕመሙ በተፈጥሮ ሂደቱ የባሰ ነው» ሊል ይችላል፤ ሕጉም ይህን መከራከሪያ ያውቀዋል። ለጊዜው አብጦ የሚተኛ ሕመም እንደ መባባስ አይቆጠርም፤ ሥር የሰደደው ችግር ራሱ መክፋቱ መታየት አለበት። በልጅዎ ጉልበት ላይ ከአሮጌው የጅማት ጉዳት ሌላ በጉዞው ጊዜ የደረሰ አዲስ መቀደድ ካለ፣ ያንን ለይቶ የሚጽፍ የአጥንት ሐኪም ማግኘት ለጉዳዩ ትልቅ ነገር ነው። ወታደሩ በሕክምና ቦርዱ ግኝት ካልተስማማ ከቦርዱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅና የጽሑፍ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ቀጥሎ ወታደሩ ለሥራ ብቁ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የአካል ብቃት ቦርድ መጀመሪያ በወረቀት ብቻ ይወስናል፤ ወታደሩ ያን ውሳኔ ካልተቀበለ፣ ራሱ ተገኝቶ፣ ከጠበቃ ጋር፣ ምስክር አቅርቦ እንዲሰማ መጠየቅ ይችላል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ግን አጭር ነው፤ የአካል ብቃት ቦርዱ ውሳኔ ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን አይበልጥም። ደብዳቤዎ ይህ ቀን ካለፈ በኋላ ቢደርስ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይዘገያልና ዛሬ ነገ አይበሉ። ለዚህ ሁሉ ጦሩ ያለ ክፍያ ጠበቃ ይመድባል፤ ልጅዎ እስካሁን አላነጋገረው ከሆነ በዚህ ሳምንት ያነጋግረው።

ስለ ፊርማው የጠየቁት ጉዳይ ከሌላው ለይቶ ማየት ይገባዋል። የቅጥሩ የጤና ታሪክ ቅጽ ስለ ጉልበት ችግር በግልጽ ይጠይቃል። ሆን ብሎ መደበቅ በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ጥፋት ነው፤ ከዓመታት በፊት የወደቀበት ጉልበት ድኖ፣ ምንም ሳያመው ዓመታት ቆይቶ፣ «ችግር የለብኝም» ያለ ወጣት ግን ሆን ብሎ ዋሸ ለማለት ብዙ ይቀራል። ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ጠበቃው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። በደብዳቤዎ ውስጥ ልጁ ሲቀጠር ምን እንደፈረመ፣ ለምን እንደፈረመ አይግቡበት፤ በቦታው አልነበሩምና የሚመሰክሩት ነገር የለም።

ግሪን ካርዱን በተመለከተ ይረጋጉ፤ በጤና ምክንያት መሰናበት የመኖሪያ ፈቃድን አያሳጣም። እንዲያውም ልጅዎ እስካሁን ዜግነት አልጠየቀ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በክብር ያገለገለ ወታደር እንደ ሌላው ነዋሪ አምስት ዓመት ሳይጠብቅ፣ የማመልከቻ ክፍያም ሳይከፍል ዜግነት መጠየቅ ይችላል። አሁን በሥራ ላይ ስላለ ኤን-426 የሚባለውን የአገልግሎት ማረጋገጫ ክፍሉ ያስፈርምለት።

ጥያቄ

ዕድሜዬ 22 ነው። ዲቪ ደርሶኛል፤ እዚያ ስደርስ ጦሩ ውስጥ ገብቼ ለመማር አስባለሁ። በልጅነቴ አስም ነበረብኝ፤ እናቴ ካርዱን አስቀምጣዋለች። ቀድመውኝ የሄዱት ጓደኞቼ «ሁሉንም ጥያቄ የለም እያልክ እለፍ፣ የኢትዮጵያን ካርድ ማንም አያየውም» ይሉኛል። እንዲያው ካርዱን ብቀደው ይሻል ይሆን?

መልስ

ወንድማችን፣ ካርዱን አትቅደድ፤ ከሁሉ የሚጠቅምህ ወረቀት እሱ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጦር የቅጥር ጤና መመሪያ ከቅጥር የሚያግደው ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የታየን አስም ነው። የአንተ በሕፃንነት ጀምሮ በሰባት ወይም በስምንት ዓመትህ ከቆመ፣ የምታስረዳው ነገር አስም መኖሩን ሳይሆን መቼ መቆሙን ነው። ለዚህ ደግሞ የመጨረሻው የሕክምና ቀን የተጻፈበት ካርድ የሚተካ ነገር የለውም።

እዚህ ላይ በአገራችን ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለና በጥንቃቄ አንብበው። ካርድህ ላይ ያለው ቀን የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፓስፖርትህ ላይ ያለው የልደት ቀን ግን በፈረንጆች ነው። ለምሳሌ በጥቅምት 1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፓስፖርቱ ላይ ልደቱ 2003 ይላል። ይኸው ልጅ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ታክሞ ከሆነ፣ ያኔ ዕድሜው ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2011 ማለት ነው። ተርጓሚው ግን ቀኑን ሳይለውጥ «ሐምሌ 2003» ብሎ ቢያልፈው፣ የያዘው መርማሪ የሚያየው ከመወለዱ በፊት የታከመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ተጭበርብሯል ተብሎ ይጣላል። ስለዚህ ካርዱን የሚተረጉምልህ ሰው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ፣ የቀን መቁጠሪያውን ልዩነትም በአንድ መስመር እንዲገልጽ አድርግ። ስምህም በካርዱና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት መጻፉን ተመልከት።

የጓደኞችህን ምክር የምንቃወምበት ምክንያት ከዚህም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የቅጥር ጣቢያዎቹ ጄኔሲስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የአመልካቹን የአሜሪካ ሕክምና መዝገብ ያያሉ። የአዳማው ካርድ እዚያ ውስጥ አይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከደረስክ በኋላ አንድ ጊዜ የትንፋሽ መርጫ ብትገዛ መዝገቡ ይናገራል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ሕመም ሲገኝ በማጭበርበር መቀጠር ተብሎ ሊያስከስስና ያለ ጥቅም ሊያሰናብት ይችላል። ከዚህም በፊት የሚቀድመው ሳንባህ ነው፤ መሠረታዊ ሥልጠና ላይ በአቧራና በብርድ መሮጥ ሲጀመር፣ የሕመም ታሪክህን የማያውቅ አሠልጣኝ ትንፋሽ ሲያጥርህ ሰነፍክ ይልሃል፤ የሚያውቅ ሐኪም ግን በጊዜ ይደርስልሃል።

ብትናገር የምታጣው ነገር የለም ብለን አናታልልህም። ሲገቡ የተመዘገበ ሕመም ከላይ ለእናታችን የገለጽነውን የጤነኝነት ግምት አያገኝም። በልዩ ፈቃድ ከገባህና በዚያው ሕመም ብቁ አይደለህም ከተባልክ ደግሞ፣ አገልግሎቱ በዘላቂነት ካላባባሰው በስተቀር የጉዳት ጥቅም የለህም። ቢሆንም ሌላ ከለላ ይቀርሃል፦ ሲገባ የነበረ ሕመም በአገልግሎት ጊዜ መክፋቱ ከታየ፣ በ38ኛው ክፍል አንቀጽ 1153 መሠረት አገልግሎቱ እንዳባባሰው ይገመታል፤ መክፋቱ የተፈጥሮ ሂደት ነው የሚለውን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ስምንት ዓመት በመደበኛ አገልግሎት ላይ ከቆየህ ደግሞ በ10ኛው ክፍል አንቀጽ 1207ሀ መሠረት ቀድሞ የነበረ ሕመምህ በአገልግሎት ላይ እንደመጣ ተቆጥሮ በጦሩ የጉዳት ጥቅም ውስጥ ይገባል። የደበቀ ሰው ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ መደበቁ ነው።

ጥያቄ

ልጄ በአሜሪካ ጦር ተቀጥራ በመሠረታዊ ሥልጠና ላይ ገና ሦስት ወር ሳይሞላት፣ ልቧ ላይ ድምፅ ሰምተው መርምረው «የልብ ቫልቭ (የልብ ክዳን) ችግር አለብሽ፣ ከመምጣትሽ በፊት የነበረ ነው» ብለው አሰናበቷት። አሁን የምትኖረው ከእህቷ ጋር ነው። በወረቀቷ ላይ ስንብቷ የክብርም የሌላም ተብሎ አልተሰየመም። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እያመማት መገጣጠሚያዋ ያብጥ እንደነበር አስታውሳለሁ። የምትጠይቀው መብት አላት? አንድ ሰው በክፍያ አስጨርሳለሁ ብሏታል።

አባት፣ ከአዳማ

መልስ

የተከበሩ አባታችን፣ ከመብቱ በፊት ስለ ጤናዋ እንነጋገር። ከጉሮሮ ሕመም ቀጥሎ የመጣ የመገጣጠሚያ እብጠትና ኋላ የተገኘ የልብ ቫልቭ ጉዳት፣ በአገራችን በብዙ ልጆች ላይ የሚታየውን የሩማቲክ የልብ ሕመም ያስታውሳል። ይህ ከሆነ ተመልሶ እንዳያጠቃት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ሊታዘዝላት ይችላል፤ ልብ ሐኪም ሳያያትም ማርገዝ አይገባትም፤ የጠበበ ቫልቭ በእርግዝና ጊዜ ለሕይወት ያሰጋልና። ያስታወሱትን የልጅነት ሕመም ዛሬውኑ ደውለው ይንገሯት፣ እሷም ለሐኪሟ ትንገር።

መብቱን በተመለከተ፣ ስድስት ወር ስላልሞላት በጦሩ በኩል ያለው የአንቀጽ 1201 ግምት አይደርሳትም፤ ከጦሩ የጉዳት ጡረታ የማግኘት ተስፋዋ ጠባብ ነው። ቪኤ ግን የተለየ በር ነው። በመግቢያ ደረጃ ላይ የተደረገ ስያሜ የሌለው ስንብት ለቪኤ ጥቅም እንቅፋት አይደለም፤ የሁለት ዓመት አገልግሎት የሚለውም መስፈርት በአገልግሎት ለተከሰተ ወይም ለተባባሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቀውን ሰው አይከለክልም። ስትገባ በተደረገላት ምርመራ ልቧ ደህና ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ የአንቀጽ 1111 ግምት ለእሷም ይሠራል። ይሁንና የቫልቭ መጥበብና መጠንከር ዓመታት የሚወስድ በመሆኑ፣ መንግሥት ሕመሙ ቀድሞ እንደነበረ ማሳየት አይከብደውም፤ ክርክሩ የሚቀረው ሥልጠናው አባብሶታል ወይስ አላባባሰውም በሚለው ላይ ነው። ከመግባቷ በፊት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር ወይስ አልነበረም? ከወጣች በኋላስ? ሁለት የልብ አልትራሳውንድ ውጤቶች፣ አንዱ ከሥልጠናው ጊዜ አንዱ ከዚያ በኋላ የተነሣ፣ ቢኖሩ መልሱ በእነሱ ላይ ይታያል። ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ ከሥልጠና ጣቢያው ትጠይቅ።

በክፍያ አስጨርሳለሁ ላለው ሰው ምንም አትክፈል። ለቪኤ የመጀመሪያ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ክፍያ መቀበል በሕግ አይፈቀድም። አካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮችን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው «ዲሴብልድ አሜሪካን ቬተራንስ» እና ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመሠረተው «አሜሪካን ሊጅን» በየግዛቱ ያሉ የሠለጠኑ ወኪሎቻቸው ይህንኑ በነፃ ይሠራሉ። ወኪሉ ጋ ስትሄድ የስንብት ወረቀቷን፣ የቅጥር ምርመራ ቅጾቿን፣ የልብ ምርመራዎቿን፣ እርስዎም ስለ ልጅነት ሕመሟ የሚጽፉትን ደብዳቤ ይዛ ትሂድ።